ለካንሰር ህሙማን ከጅማ ረጅም ርቀት ሳይክል ልትነዱ ካሰባችሁ፡ የቱ ወር፣ የቱ ርቀት፣ የቱ መንገድ፣ የቱ ሳይክል ይሻላል?

ለካንሰር ህሙማን ብር ለማሰባሰብ ረጅም ርቀት ሳይክል እንንዳ ሲባል ሰው መጀመሪያ ሚከራከረው በሳይክሉ ነው፣ ኮርስ (ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ሳይክል) ይሻላል ማውንቴን፣ እቺ የቻይናዋ ትችላለች ወይ፣ ከአዲስ አበባ እናስመጣ ወይ ምናምን እየተባለ ሁለት ሳምንት ይበላል። የኔ ምክር በግልባጩ ነው፣ መጀመሪያ ወሩን ምረጡ፣ ከዛ ርቀቱን፣ ከዛ ምትለማመዱበትን መንገድ፣ ሳይክሉ መጨረሻ ይምጣ። ወርና ርቀት ቁርጥ ካለ የቀረው ግማሹ በራሱ ይወሰናል። ውድድር አይደለም እኮ፣ ማንም ሰዓት አይዝላችሁም፣ ሰው ብር ሚሰጣችሁ አንደኛ ስለወጣችሁ ሳይሆን ጀምራችሁ ስለጨረሳችሁ ነው፣ ስለዚ እያንዳንዱን ምርጫ ስራና ትምህርት ያለው ተራ ሰው ሳያቋርጥ ሶስት ወር ሊለማመደው ይችላል ወይ ብላችሁ ነው ማየት ያለባችሁ።

ጥር፣ ሚያዝያ ወይስ ክረምት?

የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ከመጋቢት ጀምሮ ይሞካክራል፣ ሰኔ ከገባ ደሞ እስከ መስከረም መጨረሻ ጠዋት ፀሐይ ወጣች ብላችሁ ብትወጡ ከሰዓት ሰማዩ ተቀዶ ነው ምትመለሱት። ክረምት ይሻላል ሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው ተማሪው እረፍት ላይ ነው የሚል ነው፣ እሱስ እውነት ነው፣ ግን የአስፋልቱ ዳር በጭቃ ተበልቶ፣ ከአይሱዙ ጎማ ሚረጨው ውሃ አይናችሁ ላይ እየገባ፣ የረጠበ ፍሬን ቶሎ አልይዝ እያላችሁ ለምን ተብሎ። ክረምትን ለዝግጅት ተጠቀሙበት እንጂ ለጉዞው ቀን አታስቡት።

ሚያዝያ ሲያዩት ጥሩ ይመስላል፣ ችግሩ ከሱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። በነዚህ አመታት ረመዳንም ሁዳዴም ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ እየተደራረቡ ወይ እየተከታተሉ ነው ሚመጡት፣ ስለዚ ልምምዱ ረጅም ርቀት ላይ በሚደርስበት ሰዓት ጅማ ውስጥ የቡድናችሁ አብዛኛው ሰው ጾመኛ ነው ማለት ነው። በጾም መንዳት አይቻልም አላልኩም፣ ከኢፍጣር በፊት ያለችውን ሰዓት ቀለል አድርጎ ነድቶ ቤት ገብቶ ማፍጠር ይቻላል፣ የጾም ምግብ በልቶም ረጅም መንዳት ይቻላል፣ ግን ውሃ ሳይጠጣ አምስት ሰዓት ሚነዳ ሰው ልምምድ ሳይሆን ራሱን ነው ሚጎዳው።

ጥር መጀመሪያ፣ በገናና በጥምቀት መሃል ያለው ጊዜ ለኔ አሸናፊው ነው። ደረቅ ነው፣ ጠዋት ይቀዘቅዛል እንጂ ዝናብ አያስፈራም፣ ልምምዱ ከጥቅምት መጀመሪያ ሲጀመር ሶስት ወር ገደማ ይገኛል። ሌላም ነገር አለ፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ቡና ሚለቀምበት ስለሆነ ጥር ላይ ነጋዴውም ገበሬውም እጁ ላይ ብር አለ፣ ሐምሌ ላይ ለምናችሁ ምታገኙትና ጥር ላይ ለምናችሁ ምታገኙት አንድ አይደለም። ረመዳን ግን በየአመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ካላንደር እዩ።

ርቀቱ ላይ ሶስት አማራጭ አለ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ አፉ ላይ ሚመጣው ጅማ አዲስ አበባ ነው፣ ወደ 350 ኪሎሜትር። ስሙ ትልቅ ነው፣ ሚዲያም ይስባል፣ አልክድም። አከፋፈሉ ቢበዛ አራት ቀን ነው ሚሆነው፣ የመጀመሪያው ቀን እስከ ሰኮሩ ወደ 100፣ ሁለተኛው ጊቤን አቋርጦ ወልቂጤ፣ ሶስተኛው ወሊሶን አልፎ ቱሉ ቦሎ፣ አራተኛው አዲስ አበባ። ካርታ ላይ ሲታይ እያንዳንዱ ቀን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ስለሆነ እኩል ይመስላል፣ ግን ሁለተኛው ቀን ብቻውን ሌላ ነገር ነው። ጅማ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጊቤ ድልድይ ስትደርሱ ወደ 1,100 ወርዳችኋል፣ አየሩ ከጅማ አየር ጋር አይገናኝም፣ ያቃጥላል፣ ከዛ ከድልድዩ እስከ ወልቂጤ የወረዳችሁትን መልሳችሁ ልትወጡት ነው፣ እሱም በቀኑ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና። ከወልቂጤ በኋላም ብትሆኑ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ስለሆነች ወደ ላይ ነው ምትሄዱት። ይሄን ሚችል ሰው አለ፣ ግን ጥቅምት ላይ ልምምድ የጀመረ የባንክ ሰራተኛ ጥር ላይ ይችለዋል ብዬ አልፈርምም።

ከእግር በላይ ግን ሚያስጨንቀኝ ወጪው ነው። ሃያ ሰው ለሶስት ሌሊት አልጋ፣ ለአራት ቀን ምግብ፣ ሁለት አጃቢ መኪና ከነነዳጁ፣ ሲመለስ ሳይክሎቹን ሚጭን አይሱዙ፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከሚሰበሰበው ብር ላይ ምን ያህል እንደሚበላ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። የመንገዱ ሰላምም አለ፣ አራት ቀን ሙሉ በተለያየ ወረዳና ዞን ስታልፉ ከእያንዳንዱ ጋር መነጋገር አለባችሁ፣ ባንዱ ቦታ አትለፉ ከተባለ ጉዞው እዛው ነው ሚያበቃው።

በደሌ ሁለተኛው ነው፣ በአጋሮ አድርጎ ወደ 140 ኪሎ። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሚወስደው መንገድ ያምራል፣ በሁለት ቀን ይቻላል፣ ግን አንድ አቅጣጫ ስለሆነ መመለሻ መኪና ይፈልጋል፣ ሌላ ምለው የለኝም።

ሶስተኛው እኔ ምደግፈው ነው፣ ሰው ግን ብዙ አያስበውም፣ ሶስቱ በር እንበለው። ከጅማ ከሚወጡት ዋና አስፋልቶች ሶስቱን በሶስት ቀን ደርሶ መልስ መንዳት ነው፣ አንድ ቀን አጋሮ ደርሶ መመለስ ወደ 90፣ አንድ ቀን በሰርቦ አድርጎ አሰንዳቦ ደርሶ መመለስ ወደ 100፣ አንድ ቀን በሰቃ አድርጎ ሸቤ ደርሶ መመለስ እሱም ወደ 100፣ ተደምሮ ወደ 290 ኪሎሜትር ነው። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ነው ሚያድረው፣ አልጋ ወጪ የለም፣ ሳይክል ጭኖ መመለስ የለም፣ አንድ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ጉልበቱን ካመመው ሶስተኛውን ቀን ቤቱ አርፎ ውሃ ያድላል፣ ወልቂጤ ላይ ተሰንክሎ አይቀርም። ደካማ ነጂ አጋሮን ብቻ መንዳት ይችላል፣ ጎበዙ ሶስቱንም። ልምምዱንም ምታደርጉት እዛው መንገድ ላይ ስለሆነ የጉዞው ቀን ማታውቁት ዳገት አይገጥማችሁም።

ደሞ ብዙው የካንሰር ታማሚ ወደ ጅማ ሚመጣው በነዚህ በሶስቱ በሮች ነው፣ ከበደሌና ከመቱ በአጋሮ፣ ከቦንጋና ከሚዛን በሸቤ፣ ከሰኮሩ በኩል በአሰንዳቦ። ድሮ የጨረር ህክምና ሚባል ነገር በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ሰዉ ሁሉ አዲስ አበባ ሄዶ ወረፋ ይጠብቅ ነበር፣ አሁን ጅማ ሕክምና ማዕከልም አገልግሎቱ አለ። ጨረር ደሞ አንዴ ተደርጎ ሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በአብዛኛው በሳምንት አምስት ቀን ለተከታታይ ሳምንታት ነው ሚሰጠው፣ ኬሞውም ብዙ ጊዜ በየሁለት ወይ በየሶስት ሳምንቱ ነው፣ ስለዚ ከቦንጋ የመጣች እናት ህክምናው በነፃ ቢሆንላት እንኳን ለአምስት ሳምንት የት ታድራለች፣ ምን ትበላለች፣ አስታማሚዋስ? ብዙ ሰው ህክምናውን ጀምሮ ሚያቋርጠው እዚ ላይ ነው። በአሰንዳቦ በር የምትነዱ ሰዎች ብር የምትሰበስቡት በዛው በር ለሚገባ ሰው አልጋ ነው ብላችሁ ስትለምኑ ጅማ ውስጥ ማይገባው ሰው የለም።

ለልምምድ የቱ መንገድ?

የአጋሮ መንገድ ቆንጆው ነው፣ ጠመዝማዛ፣ ጥላ ያለው፣ ግራና ቀኝ ቡና፣ ዳገቱም ቁልቁለቱም አጭር አጭር ስለሆነ እግር ሳይሰለች ይለምዳል፣ ለጀማሪ የቡ ደርሶ መመለስ ወደ 40 ኪሎ ስለሆነ ለመጀመሪያ ወር የቅዳሜ መንገድ ከሱ ሚሻል የለም። ጉዳቱ ህዳርና ታህሳስ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ሲበዛ ነው፣ ኩርባው ላይ ሹፌሩ አያያችሁም፣ እናንተም አታዩትም፣ ስለዚ ኩርባ ላይ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን እያወሩ መሄድ ማይታሰብ ነው።

የሰርቦው ቀለል ይላል፣ ቦዬን አልፎ ሜዳ ሜዳውን ስለሚሄድ ለረጅም ሰዓት ባንድ ፍጥነት ፔዳል መምታት ለመልመድ እሱ ነው መንገዱ፣ ግን የአዲስ አበባ መንገድ ስለሆነ አውቶቡሱም ከባድ መኪናውም እዚ ነው፣ ንፋሳቸው ብቻ ከመስመር ያስወጣል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ከሶስት ሰዓት በፊት ከተመለሳችሁ ጥሩ ነው። የሰቃ መንገድ መኪናው ቀነስ ያለ ነው፣ ዳገቱ ደሞ ይበዛል፣ እሱን ለሁለተኛው ወር አቆዩት። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ በየትኛውም በር ብትወጡ አህያው፣ ሸክሙ፣ ባጃጁ መንገድ ይዘጋል፣ በሐሙስ ጠዋት ረጅም ልምምድ ባታስቡ ይሻላል።

ለዳገት ግን አስፋልቱን ሁሉ ተዉትና ጅሬን ውጡ። የአባ ጅፋር ቤተመንግስት ከከተማው ሰባት ኪሎ ገደማ ነው፣ ያንን ዳገት በሳምንት አንድ ቀን መውጣት ከማንኛውም ጂም ይበልጣል። አወጣጡ እንዲህ ነው፣ ገና ከስር ቀላል ማርሽ አስገቡ፣ ዳገቱ መሃል ስትደርሱ ማርሽ ለመቀየር መታገል ሰንሰለት ያስወልቃል፣ መቀመጫው ላይ ተቀምጣችሁ፣ ትከሻችሁን ፈታ አድርጋችሁ፣ መሪውን ሳታንቁ። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ አረፍተ ነገር ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ፣ ሁለት ቃል ብቻ ምትተነፍሱ ከሆነ ፍጥነታችሁ ከአቅማችሁ በላይ ነው፣ ቀንሱ። ሲወረድ ፍሬኑን ጨብጦ መያዝ ሳይሆን ያዝ ለቀቅ፣ የፊቱንም የኋላውንም አንድ ላይ፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ጨርሶ። ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ይሞቃል፣ ጎማውም አብሮ ይግላል። ጅሬን ላይ ጨለማ እያለ ብቻችሁን አትውጡ፣ ጅቡ ገና ቤቱ አልገባም።

ከጂም ውስጥ ያለው ሳይክል ጋር ሚያወዳድሩ አሉ፣ ዝናብ ሲጥል ይጠቅማል፣ መብራት ካለ ማለት ነው፣ ግን ለቂጥና ለአንገት መንገዱን አይተካም።

አሁን ወደ ሳይክሉ

ሶስት አይነት ሰው አለ። ቤቱ ማርሽ የሌላት የቻይና ሳይክል ያለው፣ ማውንቴን ያለው፣ ኮርስ ልግዛ ሚል። ማርሽ የሌላት ሜዳ ላይ ጠንካራ ናት፣ እድሜዋም ረጅም ነው፣ ግን ከሰቃ ወዲያ ባለው ዳገት እየገፋችኋት ነው ምትሄዱት፣ ለሰርቦ በር ብቻ ብትሳተፉባት ማንም አይስቅባችሁም። ኮርስ ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ ባንድ ፔዳል ሩቅ ይሄዳል፣ ብስክሌተኛው ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ድረስ የሄደበት አይነቱ ነው፣ ግን ጎማው ቀጭን ስለሆነ የተቆፈረ አስፋልት ላይ ሚያልፍበት መስመር ይፈልጋል፣ ወገብ ያጎነብሳል፣ ጅማ ላይ ደሞ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም፣ ታህሳስ ላይ አንድ እቃ ብትሰበርባችሁ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ልምምዱ ይቆማል። ከድሮም ኮርስ ስትነዱ የኖራችሁ ከሆነ ቀጥሉ፣ ለዚ ጉዞ ብላችሁ ግን አትግዙ።

ማውንቴን ከነችግሩ አሸናፊው ነው። ከባድ ነው፣ ጎማው ጥርስ ስላለው አስፋልት ላይ ዝዝዝ እያለ ጉልበት ይበላል፣ ይሄን ግን ማስተካከል ይቻላል፣ ጎማውን ብቻ ለስላሳ በሆነው ቀይሩት፣ አየሩን ጎማው ጎን ላይ በተፃፈው ልክ ሙሉት፣ ከፊት ስፕሪንግ ካለውና መቆለፊያ ካለው አስፋልት ላይ ቆልፉት፣ ሌላ ሳይክል ነው ሚሆነው። በዛ ላይ የትኛውም ጎሚስታ ያውቀዋል፣ መለዋወጫው በየሱቁ አለ።

ሳይክል ከመቀየር በፊት ግን መቀመጫውን አስተካክሉ፣ እኔ መንገድ ላይ ከማያቸው አስር ሳይክል ነጂዎች ዘጠኙ መቀመጫቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊመታ ምንም አልቀረውም። ግድግዳ ተደገፉ፣ ሳይክሉ ላይ ተቀመጡ፣ አንዱን ፔዳል ወደ ታች አድርጉትና ተረከዛችሁን አሳርፉበት፣ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፣ ከዛ እንደወትሮው በእግራችሁ የፊት በኩል ስትረግጡት ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል፣ ልኩ እሱ ነው። ዳሌያችሁ ግራ ቀኝ ሚወዛወዝ ከሆነ ደሞ በዝቷል፣ ዝቅ አድርጉት። የጉልበት ህመም ግማሹ ከዚ ነው ሚመጣው።

በሳምንት ሶስት ቀን ወይስ አምስት?

ሶስት ቀን፣ ክርክር የለውም፣ ቢያንስ ለሰራተኛ ሰው። አምስት ቀን ወረቀት ላይ ይሻላል፣ እግርም ቶሎ ይጠነክራል፣ ግን ስብሰባ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ልጅ ያማል፣ አምስቱ ሶስት ይሆናል፣ ሶስቱ ሲጎድል ሰው ተስፋ ይቆርጥና ይተወዋል። ሶስት ቀን ያቀደ ሰው አንድ ቢያመልጠው ሁለት ይቀረዋል። ማክሰኞ ጅሬንን መውጣት፣ ረቡዕ ወይ ሐሙስ ማታ ከተማ ውስጥ አንድ ሰዓት ቀለል ያለ፣ ቅዳሜ ረጅሙ። የልምምዱ ነፍስ ቅዳሜ ነው፣ ሌላው ቢቀር እሱ አይቅር።

ቅዳሜዋ ከ30 ኪሎ ትጀምርና በየሳምንቱ አምስትም ስምንትም ኪሎ እየጨመረች ትሄዳለች፣ በየአራተኛው ሳምንት ግን ቀንሱ፣ ሰውነት ሚጠነክረው ሲያርፍ ነው፣ ይሄን ብዙ ጎበዝ ልጅ አይሰማም። ህዳር መጨረሻ 60 ገደማ ብትደርሱ፣ ታህሳስ አጋማሽ ላይ 75 ወይ 80 ብትነኩ በቂ ነው፣ 100 ኪሎ ለመንዳት ልምምድ ላይ 100 መንዳት ግዴታ አይደለም። ሶስት ቀን ተከታታይ ምትነዱ ከሆነ ግን ታህሳስ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቅዳሜና እሁድን አያይዛችሁ ንዱ፣ እሁድ ጠዋት የደከመ እግር ይዞ ሳይክል ላይ መውጣት ምን እንደሚመስል ሰውነታችሁ አስቀድሞ ይወቀው። የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ቀለል፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ መቀመጫ፣ አዲስ ምግብ ሚባል ነገር የለም።

ብቻ ወይስ በቡድን? የሳምንቱን መሃል ብቻችሁን፣ ቅዳሜን በቡድን። ቡድን ውስጥ ንፋስ እየተከላከሉ መሄድ ጉልበት ይቆጥባል፣ ጎማ ቢፈነዳም ሚረዳ ሰው አለ። ሴቶች ለብቻ ቡድን ቢኖረን ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፣ መንገድ ላይ ካለው ወሬና ለከፋ አንፃር ትክክል ናቸው፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ለብቻ ቢለማመዱ ብዙ እህቶች ይወጣሉ።

ከ40 አመት በላይ የሆናችሁ፣ ደም ግፊት ወይ ስኳር ያለባችሁ ጥቅምት ሳይገባ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታዩ። ከካንሰር ህክምና ጨርሳችሁ መንዳት ምትፈልጉ ካላችሁ ደሞ፣ ይበል ነው፣ ግን አንዳንድ የኬሞ መድኃኒት ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን ልብ ላይ ጫና ሊያሳድር ስለሚችል ያከማችሁን ሐኪም ሳታማክሩ ፔዳል አትርገጡ።

በሶ፣ ማርና ሙዝ ወይስ ከሱቅ ሚገዛው?

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስትነዱ ሰውነት በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል፣ ይሄ ማለት አንድ ሙዝ ወደ 25 ግራም ስለሆነ በሰዓት ሁለት ሙዝ ገደማ ነው። የውጭ ጄልና ኢነርጂ ባር ጥሩ ነው፣ ውድ ነው፣ ጅማ ላይም ፈልጎ ማግኘት ስራ ነው። የታሸገ ኢነርጂ ድሪንክ ደሞ ስሙ ያሳስታል፣ ካፌይኑ በዝቶ ልብ ያስመታል፣ ውሃ ጥምም አይቆርጥም፣ እሱን ተዉት። ማር አገር ላይ ተቀምጦ ጄል መፈለግ ምን ይባላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ሊትር ውሃ ላይ ሶስት የሾርባ ማንኪያ ማርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለብ ባለ ውሃ ማሩን መጀመሪያ አሟሙታችሁ፣ ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ፣ አለቀ። በሰዓት ከግማሽ ሊትር ጀምሮ እንደሙቀቱ።

በሶ ጥንካሬው ሌላ ነው፣ ግን ሲነዱ ሳይሆን ከመውጣት ሁለት ሰዓት በፊት ወይ መዞሪያው ላይ ስታርፉ ነው ጥሩ፣ ወፍራም በሶ ጠጥቶ ወዲያው ዳገት መውጣት ሆድ ላይ ድንጋይ እንደመያዝ ነው። ጭኮ ቅቤ ስላለው ቶሎ አይፈጭም፣ ማታ ብሉት። ቡና? ጅማ ላይ ቡና አትጠጡ ምል ሰው አይደለሁም፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ስኒ ይበቃል።

ብሩን ለማን፣ እንዴት?

እዚ ላይ ሶስት አይነት አካሄድ አያለሁ። አንዱ ለተወሰነ ታማሚ በቀጥታ መስጠት ነው፣ ልብ ይነካል፣ ሰውም ቶሎ ይሰጣል፣ ግን ምርጫው ማን በሚያውቀው ይሆናል፣ ያልታወቀው ታማሚ ይቀራል። ሁለተኛው ለሆስፒታል ገቢ ማድረግ ነው፣ ዕቃ ለመግዛት ከሆነ ይሄዳል፣ ለታማሚ አልጋና ትራንስፖርት ግን አሰራሩ ቶሎ ላይፈቅድ ይችላል። ሶስተኛው ተመዝግቦ በካንሰር ላይ በሚሰራ ድርጅት በኩል ነው፣ ለምሳሌ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ቤተሰቦች በፈረንጆቹ 2004 የመሰረቱት ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ አለ። እኔ ሶስተኛውን እመርጣለሁ፣ በፅሁፍ "ብሩ ጅማ ለሚታከሙ ህሙማን ማደሪያ፣ ምግብና ትራንስፖርት ብቻ" ተብሎ ከተፈረመ። በግለሰብ አካውንት ወይ ቴሌብር መሰብሰብ ግን፣ የቡድኑ መሪ መልአክ ቢሆን እንኳን፣ አይሆንም፣ ቢያንስ በሶስት ሰው ፊርማ ሚንቀሳቀስ አካውንት ይሁን።

በኪሎሜትር ቃል ማስገባት ወይስ አንዴ መስጠት? በኪሎሜትር ማለት ሰውየው ለእያንዳንዷ ኪሎ አንድ ብር ካለ 290 ብር፣ አስር ብር ካለ 2,900 ነው፣ ለመስሪያ ቤት ሰውና ለተማሪ ያዝናናል፣ ፉክክር ይፈጥራል፣ ጣጣው ከጉዞው በኋላ ቃል የገባውን ሰው እየደወሉ መለመን ነው። ነጋዴውን አስቀድማችሁ በአንዴ አስከፍሉት፣ በኪሎሜትር ሚለውን ለጓደኛና ለስራ ባልደረባ ተዉት።

ወጪና መዋጮ ደሞ ከመጀመሪያው ቀን ይለያይ። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ በ1980 በ36 ሰው የተጀመረ ፓን ማስ ቻሌንጅ ሚባል የካንሰር የሳይክል ጉዞ አለ፣ ዛሬ በሺዎች ነው ሚነዱት፣ ነጂው የሰበሰበው ብር ሙሉ በሙሉ ዳና ፋርበር ለሚባለው የካንሰር ተቋም ነው ሚገባው፣ ወጪው በሌላ መንገድ ነው ሚሸፈነው። እኛም በአቅማችን፣ ውሃውን አንድ ሱቅ፣ ሙዙን አንድ አትክልት ነጋዴ፣ አጃቢ መኪናውን አንድ ሰው፣ ቲሸርቱን ራሱ ነጂው ይቻል፣ የለጋሹ አንድ ብር ለነዳጅ አይውጣ። ሶስቱ በር ከአዲስ አበባው ሚሻልበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፣ ወጪው በልመና ሚሸፈን ያህል ትንሽ ነው።

መዞሪያዎቹ ላይ፣ አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር አስቀድማችሁ ብትነጋገሩ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ የት እንደሚገኝ ሚናገር ባለሙያ ይቆምላችኋል፣ ከ30 እስከ 49 ላሉ እናቶች ምርመራው ቀላል ነው፣ በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤው አይነት ፈሳሽ፣ ታይቶ ወዲያው ውጤቱ ይነገራል። ሳይክል ለማየት የወጣ ሰው ስለሚበዛ ከዛ የተሻለ ሰዓት አይገኝም። ባለሙያው ግን አምስት ደቂቃ ብቻ፣ የባለስልጣን ንግግር ካስገባችሁ ነጂው ፀሐይ ላይ ቆሞ እግሩ ይተሳሰራል።

አጃቢ መኪናው ከኋላ ይሁን እንጂ ከፊት አይቅደም፣ ከኋላ ሚመጣውን ከባድ መኪና ሚያስቆመው እሱ ነው። ሄልሜት የሌለው አይነዳም፣ ለምኖም ተውሶም ያምጣ። ሂሳቡን ደሞ ከጉዞው በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለጥፉት፣ ምን ገባ፣ ለምን ወጣ፣ ደረሰኙን ከነፎቶው፣ ፎቶው ላይ የታማሚ ስምና የካርድ ቁጥር ካለ ግን ሸፍናችሁ።